ጽሑፉን ትቶ ጠርሙሱን የወሰደ ሌባ

ኑ፣ ቀረብ በሉ። ቦታ አለ፤ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የደከመው ግድግዳውን ይደገፍ። ዓይኑን መክደን የሚፈልግም ይክደን፤ ጆሮውን ብቻ ይተውልኝ። የማወራላችሁ የሌባ ታሪክ ነው። ግን ማንም አይሮጥበትም፤ ጥይትም አይጮህበትም። ሌባው የሰረቀው ውሃ ነው።

አዎ፣ ውሃ።

ማለዳ ነበር። ጭጋጉ ከምንጩ ተነስቶ፣ በየመንገዱ እየተጎተተ፣ የቤቶቹን ደጃፍ እንደ ድመት ይልስ ነበር። መርማሪዋ ጭጋጉን በደረቷ እየገፋች ወደ ጸሐፊዋ ቤት ገባች። አካሄዷ ዝግ ያለ ነው። ንግግሯም እንደዚያው። ለዚህ ነው ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት። አንዱ ቀልደኛ ደግሞ ባለፈች ቁጥር «እንቁላሉ በእግሩ መሄድ ጀመረ ወይ?» ይላታል። እሷም «ገና እያሰበበት ነው» ብላው ታልፋለች።

ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈበት ወረቀት በድንጋይ ተጭኖ ተቀምጧል። ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ አንድ ረጅም መደርደሪያ አለ። ባዶ ነው። እንጨቱ ላይ አቧራ ያልነካቸው ክብ ክብ ቦታዎች ብቻ ቀርተዋል።

ጸሐፊዋ ወንበሯ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የከተማዋ ወርሃዊ ጋዜጣ ላይ መጣጥፍ የምትጽፍ፣ ቀጠን ያለች ወጣት ናት።

«ምን ጠፋ?» አለች መርማሪዋ።

«ጠርሙሶቼ።»

«ምን ነበረባቸው?»

«የምንጩ ውሃ።»

አብሮ የመጣው ፖሊስ ሳቁ አመለጠው። «እህቴ፣ ምንጩ እኮ እዚያው አለ። ሄጄ ልቅዳልሽ?»

«የዛሬውን ትቀዳልኛለህ» አለችው፣ ሳትቆጣ። «የባለፈውን በጋ ውሃ ከየት ትቀዳልኛለህ?»



ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ምንጭ ለከተማዋ ሁሉ መድኃኒት ነው። ወገብ የሚያመው ይጠጣዋል፣ እግር ያበጠበት ይጠጣዋል፣ ምንም ያላመመውም እንዳያመው ይጠጣዋል። ጸሐፊዋ ስለ ምንጩ መጣጥፍ ልትጽፍ ተነሳች። ልታወድሰው አይደለም፣ ልትረግመውም አይደለም። ውሃው ምን እንደያዘ ልትናገር ብቻ። እናም በየወሩ ውሃ እየቀዳች፣ ላቦራቶሪ የላከላትን መመርመሪያ ጠብታ ጨመረችበት። ኩላሊት የሚጎዳ፣ ከድንጋይ የሚሟሟ ማዕድን በውሃው ውስጥ ካለ፣ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። በብዛት ካለ ይጠቁራል።

«ታዲያ ሆነ?» አለች መርማሪዋ።

«ሁሉም። በክረምት እንደ ማለዳ ሰማይ ፈዘዝ ይላል። በበጋ እንደ ቀለም ይጠቁራል። ዓርብ የላቦራቶሪው ባለሙያ መጥቶ ሊመረምረው ነበር። እሱ ካላረጋገጠው ጋዜጣው አያትመውም። እኔም አይታተም ነው የምለው።»

መርማሪዋ ዛሬ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ለእናቷ ከዚያው ምንጭ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ሰጥታ ነበር። እናቷ እግራቸው አብጧል። ትናንትም ሰጥታቸዋለች። ከትናንት ወዲያም።

«ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

«ማንንም አላየሁም።»

«አየሽ ወይ አላልኩሽም። ትጠረጥሪያለሽ ወይ ነው።»

«ጥርጣሬ አልናገርም። አስተማሪዬ ‹ያየሽውን ለብቻ፣ የሰማሽውን ለብቻ አድርጊ፤ የጠረጠርሽውን ኪስሽ ውስጥ ያዢው› ይሉኝ ነበር።»

መርማሪዋ ተነፈሰች። «ከተማው በሙሉ እንዳንቺ ቢሆን ኖሮ፣ ፖሊስ ጣቢያውን ዘግተን አትክልት እንተክልበት ነበር።»

በሩ አልተሰበረም፤ ጸሐፊዋ ገና ሳይነጋ ወጥታ ስትመለስ ነው መደርደሪያውን ባዶ ያገኘችው። ቁልፉ ከአበባው ማሰሮ ሥር ነው የሚቀመጠው። ያንን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ደጃፉ ላይ ግን የጭቃ ቦቲ ዱካ ነበር፤ ሰፊ፣ ተረከዙ የተበላ። ፖሊሱ ዱካውን አይቶ ዓይኑ በራ።

«ይሄማ የምንጩ ዘበኛ ነው!»

እስከ ቁርስ ሰዓት ዘበኛው ጣቢያ ገብተዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ፊታቸው እንደ ደረቀ ቆዳ የተጨማደደ። ባለፈው ሳምንት ሕዝብ በተሰበሰበበት «እነዚያን ጠርሙሶች የሚሰብር እጅ ይባረክ» ብለዋል። የሰማ ብዙ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ጸሐፊዋ ቤት ሄደዋል፣ አባባ?»

«ሄጃለሁ።»

«ለምን?»

«ለጉዳዬ።»

«ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ብለዋል የተባለውንስ ብለዋል?»

«ብያለሁ። እግዜርም ሰምቶኛል፤ እሱም አላመነኝም።»

ይህን ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ቢለምኗቸው፣ ቢያስፈራሯቸው፣ ሻይ ቢያቀርቡላቸው፣ ጭጋጉን ከማየት በቀር ምንም አላሉም።

ወሬው ሲደርሳት ጸሐፊዋ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች መጣች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ልቀቋቸው። ውሃውን በየወሩ የሚያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ከምንጩ ላይኛው ዓይን፣ ሰው ከማይደርስበት። ስማቸውን ላልናገር ቃል ገብቼ ነበር።»

«ቃል ሰጥተሽኝ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው፣ እንደማዘን ብለው።

«እርስዎ ታስረው የኔ ቃል ውጭ ምን ይሠራል?»

ያኔ ሽማግሌው ፈገግ አሉ። የረገሙት ሥራቸውን እንዳያጡ ነው፤ የምንጩ ዘበኛ የምንጩን ሐሜተኛ ሲረዳ ቢታይ ማን ያቆየዋል? ዛሬም የወሩን ውሃ ይዘው መጥተው አንኳኩተው፣ መልስ ሲያጡ ተመልሰዋል።

«ለምን ረዷት ታዲያ?» አለች መርማሪዋ።

«ይህን ያህል ዘመን ስጠብቀው፣ ወፍ ሲጠጣው አይቼ አላውቅም።»

«እሱን ጽሑፌ ውስጥ አላስገባሁትም» አለች ጸሐፊዋ ቶሎ ብላ። «ወፎቹ ለምን እንደማይጠጡ አላውቅም።»

ዘበኛው ወደ መርማሪዋ ጠጋ ብለው «አየሻት? ከሷ ጋር መሥራት እንዲህ ነው» አሏት።

መርማሪዋ በዚያው ጭጋግ ውስጥ ወደ እንግዳ ማረፊያው ሄደች። ከምንጩ ውሃ ማን ይጠቀማል ቢባል፣ የማረፊያው ባለቤት ነው ስሙ ቀድሞ የሚነሳው። እንግዶቹ የሚመጡት ለውሃው ነው። ሰውየው ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ሲያወራ እጁን የሚያራግብ ነው። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹን እየወለወለ አገኘችው።

«ጽሑፏን አንብበውታል?»

«ራሷ አመጣችልኝ እኮ! ‹የተናገሩትን በትክክል አስቀምጬው እንደሆነ እዩልኝ› ብላ።»

«ታዲያስ?»

«በትክክል አስቀምጣዋለች። የቆረጠኝም እሱ ነው። ሰው ቢሰድበኝ መልስ አላጣም። ያልኩትን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በትሪ አድርጎ ሲመልስልኝ ግን ምን እላለሁ? ‹እንግዶቼ ድነው ይሄዳሉ› ብዬ ነበር። እሷም ‹ከሄዱ በኋላ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?› አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሁለቱንም ጻፈችው። ሳነበው አፈርኩ።»

«ስላፈሩ ሰረቋት?»

ሰውየው መወልወያውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «የኔ እመቤት፣ እኔ ብሰርቅ የምሰርቀው ወረቀቷን ነው። ስሜ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጠርሙስ ምን ያደርግልኛል? ቤቴ የሞላው ጠርሙስ አይደል?»

ይህ ቃል እግሯን ያዛት።

ወጥታ በድንጋዩ መንገድ ላይ ቆመች። ጭጋጉ ሰው ያሳያል፣ ፊት ግን አያሳይም። ቅርጫት የያዘች ሴት እየዋኘች የምታልፍ ይመስል አለፈች። አንድ ብስክሌት ደወሉ ብቻ ተሰማ። መርማሪዋ በልቧ እንዲህ አለች፦ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ድንጋይ እንደተጫነው ነበር። ሌባው አጠገቡ ቆሟል። ቢቀደው ይቀደዳል፣ ኪሱ ቢከተው ይገባል። አልነካውም። በጽሑፉ የተናደደ ሰው ጽሑፉን ይተዋል?

ተመለሰች። «ያንን ወረቀት አንብቢልኝ» አለቻት ጸሐፊዋን።

ጸሐፊዋ አነበበች። መጣጥፉ «እኔ» አይልም። «ወዮ» አይልም። ውሃው መቼ እንደተቀዳ፣ ከየት እንደተቀዳ፣ ምን እንደታየበት፣ ምን እንዳልታወቀ ይናገራል። በጸጥታ፣ እንደሚንጠባጠብ ውሃ። መሃል ላይ ስትደርስ «ለማነጻጸሪያ የዝናብ ውሃ በተመሳሳይ ጠርሙስ ተቀምጦ፣ ተመሳሳይ ጠብታ ተጨምሮበታል፤ ቀለሙ አልተለወጠም» አለች።

«ቆይ። ያኛውስ የት ነው?»

«ማድቤት። ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብኝ መስኮቱ ላይ...» ተነሳች። ሄደች። ድምፅዋ ከማድቤት ውስጥ ቀጥኖ መጣ። «የለም።»

የዘይቱ ጠርሙስ አለ። የኮምጣጤው አለ። ብርጭቆዎቹ ተደፍተው ተደርድረዋል። በመሃላቸው አንድ ክብ ቦታ።

«ተራ ውሃ እኮ ነው የሚመስለው» አለች መርማሪዋ ዝግ ብላ። «ሌባ ተጠምቶ ካልሆነ በቀር ማን ያየዋል? ለምን ይወስደዋል?»

ጸሐፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች። «ያለሱ ሰማያዊዎቹ ዋጋ የላቸውም። ጠብታው ማንኛውንም ውሃ ሰማያዊ ያደርግ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ያ ነጩ የዝናብ ውሃ ነው ሌሎቹን እንዲናገሩ የሚያደርጋቸው።»

«ይህን የሚያውቅ ሰው በከተማው ስንት አለ?»

ጸሐፊዋ ብርጭቆዎቹን ማስተካከል ያዘች። ዓይኗ ግን ሞላ።

«ጥርጣሬ አትናገሪም» አለች መርማሪዋ።

«አልናገርም።»

«ግድ የለም። እኔ ልሂድ።»

የጸሐፊዋ አስተማሪ የጋሽ መምህር ቤት ከምንጩ በላይ ነው። መስኮቱን ከከፈቱ ውሃው ይሰማል። ከተማው ውስጥ ማንበብ የሚችል ሁሉ የሳቸው ተማሪ ነው፤ መርማሪዋንም ጨምሮ። ስለ ምንጩ መድኃኒትነት የሚናገረውን ያንን የታወቀ ጽሑፍ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው የጻፉት ነው። የመርማሪዋ እናት በመስታወት አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

«ግቢ፣ ልጄ። ትልቅ ሰው ሆነሽ እንኳ በር ላይ ማመንታት አልተውሽም?»

ገባች። ቤቱ ጽዱ፣ ዝምተኛ ነው። መጽሐፎቹ አርጅተው እንደሚያንቀላፉ ሰዎች እርስ በርስ ተደጋግፈዋል። ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ። ውሃውን የቀዱት ከቢጫ ጀሪካን ነው፤ የጀሪካኑ አንገት ላይ የባለጋሪው ምልክት አለ። ከታች ሰፈር፣ ከቧንቧ፣ እየገፋ የሚያመጣው ባለጋሪ።

«ምንጩ ከበርዎ ሥር እያለ ከቧንቧ ያስቀዳሉ፣ ጋሼ?»

እጃቸው ትንሽ ቆመ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

ሻዩን አስቀመጡላት። ተቀመጡ። በመስኮቱ የገባው ጭጋግ በሁለቱ መሃል የተንጠለጠለ መጋረጃ መሰለ።

«የመጣሽው ለሻይ አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«እንግዲያው እንዳስተማርኩሽ አቅርቢው። መጀመሪያ ያየሽውን።»

«ያየሁት፦ ጽሑፉ አልተነካም። ሰማያዊዎቹ ጠርሙሶች ተወስደዋል። ማድቤት የነበረው ነጩም ተወስዷል። እርስዎ የቧንቧ ውሃ ይጠጣሉ።»

«የሰማሽውን።»

«የሰማሁት፦ ነጩ ከሌለ ሰማያዊዎቹ ዋጋ እንደሌላቸው። ይህን እርስዎ እንደሚያስተምሩ።»

«ሦስተኛውን?»

«ሦስተኛውን እርስዎ ያውቁታል።»

«ሦስተኛውንማ ኪስሽ ውስጥ መተው ነበረብሽ።»

«ኪሴ ሞላ፣ ጋሼ።»

ታች ውሃው ይወርዳል። ከዚያ ሽማግሌው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። ተከተለቻቸው። ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፤ ጥቁሩን ጨርቅ ገለጡ።

ሁሉም ነበሩ። በየወራቸው ተደርድረው። አንዱም አልፈሰሰ፣ የአንዱም ክዳን አልላላ። ከፈዛዛው እስከ ጥቁሩ፣ ሰማይ በየሰዓቱ ተቆርጦ በጠርሙስ የተከተተ ይመስላል። ዳር ላይ ነጩ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ዝም ብሎ ቆሟል።

«ለምን አላፈሰሷቸውም?»

«ሞከርኩ» አሉ። «ክዳኑን ያዝኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ማስረጃ እንዴት ይፈሳል? ይልቅ ብርሃን ያደበዝዘዋል ብዬ ጨርቅ ፈለግሁ።»

መርማሪዋ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ልታለቅስም እንዲሁ።

«ስምዎ እንዳይጎድፍ ነው?»

«ስሜ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ባለቤቴን አታስታውሻትም፤ ሕፃን ነበርሽ። ያንን ምንጭ የምትወድ እሷ ናት። ማታ ማታ ዳሩ ላይ እንቀመጥ ነበር። ‹ይሄ ውሃ እኮ ያድናል› ትለኛለች። ‹በምን አወቅሽ?› እላታለሁ። ‹ስጠጣው ደስ ይለኛላ› ትላለች። ወጣት ነበርኩ፤ አዲስ ተጋቢ ነበርኩ። ጻፍኩት። ‹ውሃው እንደሚያድን ይታወቃል› ብዬ ጻፍኩ። በማን ይታወቃል? በሷ።»

ውሃው ይወርዳል።

«ከዚያ ታተመ። ታትሞ ስታየው ‹አላልኩህም? ይኸው ተጽፏል› አለችኝ። ደስ አላት። እኔ ደስ ሲላት ደስ አለኝ፤ ‹ኧረ ከአንቺው አፍ ነው የወሰድኩት› አላልኳትም። በኋላ ታመመች። ሐኪሙ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ትሂድ አለ። ‹ውሃው እያለልኝ?› አለች። ጠዋትም ማታም ጠጣችው። እስከ መጨረሻው።»

«ውሃው ነው ብለው ያስባሉ?»

«አላውቅም። ይኸው ነው ጉዳዩ። እስካሁን አላውቅም ነበር። ካለማወቄ ጋር ተስማምቼ እኖር ነበር። ያቺ ልጅ ከዓርብ በኋላ እንዳውቅ ልታደርገኝ ነው። ያስተማርኳት ደግሞ እኔ ነኝ።» ቀና አሉ። «ከተማውን ላታልል አልነበረም። አንድ ሰው፣ እኔው ራሴ ብቻ እንዳላነበው ነው።»

መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀስ ብላ። «ጋሼ፣ እናቴ ዛሬ ጠዋት ጠጥታለች። የቀዳሁላት እኔ ነኝ። አትጠጪ ብላት ምን እንደምትለኝ ያውቃሉ? ‹መምህሩ ጽፎታል› ነው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ሳሳ። ጋሽ መምህር ጠርሙሶቹን በጋሪ አስጭነው፣ ከጋሪው ጎን እየሄዱ፣ ራሳቸው ወደ ጸሐፊዋ ቤት መለሷቸው። ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ሰጡ። ጸሐፊዋ ክሱን ተወችው። ግን ይቅርታቸውን ከመቀበሏ በፊት ወንበር ሰጠቻቸው፤ ብዕሯን አነሳች።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ ስንት ዓመት ጠጡ? በቀን ምን ያህል? ሐኪሙ ምን ብሎ ነበር? ያዩትን ብቻ።»

መለሱላት። አንዳንዱ ላይ «ይህን አላየሁም፣ ነግራኝ ነው» አሉ። ጸሐፊዋ ለብቻ አስቀመጠችው። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ሁለቱን አየቻቸው፤ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፣ አንዳቸውም አላቋረጡም።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ መርማሪዋ እናት ቤት ሄዱ።

«እትዬ፣ ያ የጻፍኩት ልክ አልነበረም።»

እናትየው ግድግዳውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ። «አንተ እንዲያ ብትልም፣ ይኸው ታትሟል እኮ» አሉ።

የታተመን ነገር ጸሐፊው ራሱ መጥቶ ቢያስተባብለው አይነቀልም። ስለዚህ ዓርብን መጠበቅ ግድ ሆነ። ዓርብ ባለሙያው መጣ። ነጩን ከብርሃኑ ፊት አቆመ፣ ሰማያዊዎቹን በየተራ አጠገቡ አቆመ። ጸሐፊዋ ያለችው ትክክል ነበር። ጋዜጣው ሲወጣ መርማሪዋ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። ጽሑፉ አይጮህም፣ ማንንም አይወቅስም። እናትየው ጨርሰው ሲሰሙ አጠገባቸው የነበረውን ብርጭቆ ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያው ያንን ባለጋሪ ጥሪልኝ» አሉ።

ይኸው ነው፣ ልጆቼ። መጣጥፉ ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ «አንዲት ነዋሪ ውሃውን ለዓመታት ጠጥታ በኩላሊት ሕመም አርፋለች፤ የሞቷ ምክንያት ውሃው ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ስም የለውም። ምንጩ ዳር እንደምትቀመጥ አይልም። ስትጠጣው ደስ ይላት እንደነበርም አይልም፤ እንዲያ ያለ ነገር እዚያ ቦታ የለውም፣ ትክክልም ነው። እኔ ግን እናንተን ልለምን። ጽሑፉን የምታነቡ ቀን፣ እዚያች መስመር ላይ ስትደርሱ ጥቂት ቆም በሉ። ያቺን ሴት አስቧት። አደራ።